እሳት ያልነካው ጣፋጭ

ጓድ አያልነህ ጣፋጭ ሲያይ ራሱን አያውቅም። ጣፋጭ መውደድ ነውር አይደለም፤ ችግሩ በ1970 ዓ.ም. ወረታ ላይ ማን እንደሚታሰር፣ ማን እንደሚፈታ፣ ማንስ ወጥቶ እንደሚቀር የሚወስነው የካድሬዎች አለቃ እሱ መሆኑ ነው። መስከረም 2 ቀን ለአብዮቱ በዓል ከክፍለ ሀገር ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ ሲባል፣ ጎንደር ተማሪ ሳለ አንድ ጣሊያን ቤት የቀመሰው ነገር ትዝ አለው። ቡና ውስጥ የተነከረ ብስኩት በክሬም ተደራርቦ፣ ላዩ ላይ ካካዋ የተነሰነሰበት። በሬማ ማንም ያርዳል፤ እንግዶቹ አፋቸውን ይዘው የሚሄዱት እንዲህ ያለ ነገር ሲቀርብላቸው ነው ብሎ አሰበ። ይህን መሥራት የምታውቅ ሴት ደግሞ በከተማው አንዲት ብቻ ነበረች።

ደብረወርቅ ትባላለች። የቁሐር ሚካኤል ቄስ ልጅ ናት። ባሏ በወባ ሲሞትባት ሕፃን ልጇን አዝላ ጎንደር ወጣችና ለአንዲት ጣሊያናዊት ሰባት ዓመት ወጥ ቤት ሆነች፤ ከዚያ ወረታ ተመልሳ መንገድ ዳር ትንሽ ምግብ ቤት ከፈተች። ልጇ ኃይለ ሚካኤል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር። ሰኔ ላይ ወረቀት በትነሃል ተብሎ ከትምህርት ቤት ተወሰደ። አብሮት የተወሰደው የጎረቤቷ የባለ ሱቋ የሰኪና ልጅ ሙህዲን ነው።

ሁለቱ እናቶች ክረምቱን ሙሉ በጭቃው እየተንሸራተቱ ስንቅ ሲያመላልሱ ከረሙ። ጳጉሜን 4 ቀን ጧት ዘበኛው ማረው የደብረወርቅን አገልግል ሳይከፍት መለሰላት።

«ከእንግዲህ አታምጭ» አላት።

በዚያ ዘመን ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማታውቅ እናት አልነበረችም። ማረው ግን ገና አልጨረሰም፤ «ማልቀስ ክልክል ነው፣ ታውቂያለሽ» ሲል ጨመረላት። ቀጥሎ ለሰኪና የነገራት ሌላ ነው። ሙህዲን ወደ ጎንደር ተዛውሯል፣ እዚያ መንግሥት ያበላዋል አላት። ሰኪና ደስታዋን ጎረቤቷ እንዳታይባት ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

እናት ልጇ ሞቶባት እንዳታለቅስ የሚከለክል መንግሥት ምን ዓይነት መንግሥት እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ እንደነበረ ግን አውቃለሁ። ጥቁር መልበስ የለም፣ መሬት መቀመጥ የለም፣ ለቀስተኛ መቀበል የለም። ለደብረወርቅ አንድ ነገር ብቻ ቀራት። በአባቷ ቤት ልማድ ሐዘን የገባበት ቤት ሦስት ቀን እሳት አይነድበትም፤ የሚበላውን እዝን ይዞ የሚመጣው ጎረቤት ነው። ምግብ ቤቷን አሞኛል ብላ ዘጋችና ምድጃዋ ላይ ውሃ አፈሰሰችበት። የጠፋ እሳት አይጮህም፤ ይህንን ማንም አይከለክላትም።

አያልነህ ያስጠራት በማግሥቱ ነው። ስትገባ ጠረጴዛው ላይ በብርማ ወረቀት የተጠቀለለ ቸኮሌትና አንድ ጣሳ የዱቄት ወተት ተደርድሮ አገኘች።

«የጣሊያኑን ጣፋጭ ትችያለሽ አሉኝ።»

«እችላለሁ፣ ጌታዬ።»

«ጓድ በይ።»

«እችላለሁ፣ ጓድ።» እጆቿን ነጠላዋ ሥር አጣብቃ ያዘች። «አንድ ነገር ልለምንዎ። ልጄን ይስጡኝ። አባቱ አጠገብ ልቅበረው።»

አያልነህ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። አንዱን ቸኮሌት አገላብጦ አየና፣ የጫማ ዋጋ እንደሚነጋገር ሰው በረጋ ድምፅ፣ «እንግዶቹ ከተደሰቱ መስከረም 3 ጧት ነይ» አላት።

ቸኮሌቱንና የወተቱን ጣሳ ታቅፋ ቤቷ ስትገባ ነው ነገሩ የገባት። ጣሊያኗ ያስተማረቻት አሠራር ከላይ እስከ ታች እሳት ነው። ዕንቁላሉ በእንፋሎት ላይ ይመታል፣ ብስኩቱ ይጋገራል፣ ቸኮሌቱ ይቀልጣል። አንዴ ብታነድ ማን ይፈርድባታል? ማንም። ግን ለልጇ ያደረገችለት ነገር ቢኖር ይኸው ብቻ ነበር፤ እሱንም ለአያልነህ እንግዶች አሳልፋ ልትሰጥ አንጀቷ እምቢ አለ። ሌሊቱን ስታውጠነጥን አድራ መላ አገኘች። ብስኩቱን ከሰኪና ሱቅ ወስዳ ታደቃለች። ቅቤውን ፀሐይ ላይ ታለሰልሳለች። የወተቱን ዱቄት፣ ስኳሩንና ብስኩቱን በቅቤ አብራ ታሽና እንደ ጥሕሎ በመዳፏ እያድቦለቦለች፣ በተፈቀፈቀ ቸኮሌት ታንከባልላቸዋለች። ዕንቁላል ይቅር፣ መጋገር ይቅር። አንድ ነገር ብቻ አይቀርም፤ ቡናው። ያለ ቡና የጣሊያን ጣፋጭ ነው ቢባል አያልነህ አያምንም፣ ቡና ደግሞ ሳይፈላ ቡና አይሆንም።

በእንቁጣጣሽ ጧት ሰኪና ሳትጠራ መጣች። በአንድ እጇ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን፣ በሌላው ፔርሙስ ይዛለች።

«ከጣሪያሽ ጭስ ካየሁ ሁለት ቀኔ» አለች። ሳህኑን ከፈተችው፤ ሽሮና እንጀራ ነበረበት። «ብይ በሞቴ። ሆድሽ ባዶ ነው።»

ደብረወርቅ ሳህኑን በሁለት እጇ ተቀበለች። እዝን ነው ቢሉ ወንጀል ነው፤ ሁለቱም አላሉም። ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ስለ ቡናው ነገረቻት።

«ቡናውማ ይኸው አለ፣ እንድትጠጭው ብዬ ያመጣሁት» አለች ሰኪና ፔርሙሱን እየገፋችላት። «ካነሰሽ ደግሜ ወፍራም አድርጌ አፈላለሁ። እኔ ቤት እሳት አለ።»

ሲሠሩ ዋሉ። ሰኪና ብስኩቱን በሙቀጫ ትወቅጣለች፣ ደብረወርቅ የቀዘቀዘውን ቡና ጠብ እያደረገች ታሻለች። ቡናው ሲበዛ ሊጡ ይላቆጣል፣ ሲያንስ ይፈረፈራል፤ እጇ ግን ልኩን ያውቅ ነበር። ሐዘንተኛ ናትና ስኳር የነካ ጣቷን ወደ አፏ አላስጠጋችም፤ የሚቀመሰውን ሰኪና ቀመሰች። ሰኪና አፍ አላረፈላትም፤ የምታወራው ስለ ሙህዲን ነው።

«ጎንደር ይበርዳል ይሉኛል። እንዴው አረንጓዴ ሹራቡን ለብሶ መሄዱ በጀ። ክርኑ ተቀዶ አረንጓዴ ክር ባጣ በቀይ ሰፋሁለት፤ ጓደኞቼ ሳቁብኝ ብሎ ተቆጥቶኝ ነበር።» ሳቅ አለችና ድንገት አቆመች። «ይቅር በይኝ፣ ደብሬ። አፌን አልያዝሁም።»

«አውሪ» አለቻት። «ያንችስ ይወራ።»

ከቀትር በኋላ የቀበሌው የሴቶች ኃላፊ አማከለች ሥራውን ልትመረምር መጣች። አማከለች የቁሐር ሚካኤል ተወላጅ ናት፤ ኮፍያዋ አዲስ ይሁን እንጂ የአገሩን ልማድ ታውቃለች። ትሪው ላይ የተደረደሩትን ቡናማ ድብልብሎች አየች፣ ወጥ ቤቱን ቃኘች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ እጇን አመዱ ውስጥ ከተተች። ሰኪና ሙቀጫውን አቅፋ ደርቃ ቀረች።

«ምድጃሽ እርጥብ ነው» አለች አማከለች።

«ይኸ ጣፋጭ እሳት አይፈልግም፣ እትዬ። ጣሊያኖች እንዲህ ነው የሚሠሩት» አለች ደብረወርቅ።

አማከለች አመዱን ከጣቷ ላይ ቀስ ብላ አራገፈች። የገባት መሆኑ ከዐይኗ ያስታውቃል። አንድ ቃል ለአያልነህ ብትል ሬሳው ይቀራል፣ ደብረወርቅም ልጇ ወደ ገባበት ትገባለች። አማከለች ግን የኮፍያዋን ጫፍ አስተካከለችና «እሳት የማይፈልግ ከሆነማ አይፈልግም ነው» ብላ ወጣች። ደብረወርቅ ትሪውን በጨርቅ ሸፈነች።

በዓሉ ደመቀ። ሰልፍ ነበረ፣ መፈክር ነበረ፣ ከቀኝ ከግራ እልልታ ነበረ። ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ ትሪው ዞረ። ከክፍለ ሀገር የመጡት ትልቁ ሰውዬ አንድ ጎረሱና ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ ቀጥለው ሁለት ደገሙ። «ይኸንን ማን ሠራው?» ሲሉ አያልነህ የራሱ እጅ የሠራው ይመስል ተሽኮረመመ። ደብረወርቅን አስጠርቶ መሐል ላይ አቆማት።

«እልል በይ እንጂ!» አላት። «አብዮቱ አከበረሽ።»

እልል አለች። ድምፁ ከየት እንደወጣላት ዘመኗን ሙሉ አላወቀችውም። የልጇ ሦስተኛ ቀን በእልልታ አለፈ፣ ሰዉም አጨበጨበላት።

መስከረም 3 ጧት አያልነህ ቃሉን ጠበቀ። አንዲት ቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሰጣት። ማንበብ ስለማትችል ከቁሐር ሚካኤል የመጣው ወንድሟ ቢሻው አነበበላት፤ «ለአምጪዋ አንድ ሬሳ ይሰጥ» ይላል። ስም አልተጻፈበትም። ስም መጻፍ እነማን እንደሞቱ ማመን ነውና እነሱ ስም አይጽፉም።

ማረው ከከተማው አውጥቶ ርብ ወንዝ ሞልቶ ካጥለቀለቀው ሜዳ ዳር ወሰዳቸው። ቢሻውና ሁለት ዘመዶቹ ቆፈሩ። ጥቁሩ አፈር ውሃ ጠጥቶ ዶማውን እየያዘ አላስቆፍር አለ፤ አንድ ክንድ ሲወርዱ ውሃ ፈለቀ። ደብረወርቅ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክካ ታያለች። መጀመሪያ የታየው እጅጌ ነው። ቢሻው ጭቃውን በውሃ ሲያጥበው አረንጓዴ ሆነ፤ ክርኑ ላይ በቀይ ክር ተሰፍቷል።

የሙህዲን ሹራብ ነው። ኃይለ ሚካኤል ከሥሩ ነበር። ሁለቱ ተደራርበው ነው የተጣሉት፤ የሙህዲን ክንድ በጓደኛው አንገት ላይ አርፏል።

«ሁለቱንም ልውሰድ» አለች ደብረወርቅ።

«ወረቀቱ አንድ ይላል» አለ ማረው።

«እናቱ ጎረቤቴ ናት። በአምላክህ።»

«ለእናቱ ልጇ ጎንደር ነው።» ማረው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ድምፁ ግን ዝቅ አለ፤ እሱም ቢሆን የሰው ልጅ ነበር። «ስሚኝ፣ እታለም። ይኸንን አላየሽም። አይቻለሁ ካልሽ አንችም እሷም እዚሁ ናችሁ። አንዱን ያዥና ሂጅ።»

ቢሻው ቀና ብሎ አያት። ወረቀቱ ስም የለውም፣ መምረጥ የሷ ነው። ሰኪና ልጇን ብታገኝ ዛሬውኑ ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ እንደ ሃይማኖቱ ይቀበር ነበር። ሰኪና ግን ልጅ አላት፤ በሐሳቧ አላት። ደብረወርቅ ይህንን ለራሷ ነገረችው፣ እውነት እንዳልሆነም ያን ጊዜውኑ አወቀች። የፈለገችው የራሷን ልጅ ነው። «ኃይለ ሚካኤልን አውጡልኝ» አለች። የሙህዲንን ክንድ ከልጇ አንገት ላይ ያነሳችው ራሷ ናት። ከዚያ ነጠላዋን አውልቃ ሙህዲንን ፊቱን ሸፈነችው፤ አፈሩን መለሱበት።

ቁሐር ሚካኤል ደወል ሳይደወል፣ ሙሾ ሳይወርድ፣ አንድ አረጋዊ ቄስ በሹክሹክታ ፍትሐት አደረሱለት። ቀብሩ ካለቀ በኋላ ወንድሟ እደሪ ቢላት እምቢ ብላ ያንኑ ዕለት ወረታ ተመለሰች።

ሰኪና ደጇ ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር። ስታያት ሮጣ አቀፈቻት። ጭቃውን ከቀሚሷ ላይ በእጇ ጠረገችላት፣ ነጠላሽ የት ሄደ ብላ አልጠየቀችም። አስገብታ አስቀመጠቻትና ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለች።

«አገኘሽው?»

«አገኘሁት።»

«አፈር አለበስሽው?»

«አለበስሁት።»

ሰኪና ወደ እሷ ተጠጋች። የምትጠይቀውን ትፈራዋለች፣ አለመጠየቅ ግን አልቻለችም።

«ደብሬ... ብቻውን ነበር?»

ደብረወርቅ የጎረቤቷን ፊት አየች። እውነቱን ብትናገር ሰኪና ነገውኑ አያልነህ ደጅ ትጮሃለች፣ ነገ ወዲያ ደግሞ ሰኪና የለችም። ባትናገረው ደግሞ ለራሷ ሐዘን እዝን ያመጣችላትን ሴት የሐዘኗን መብት ነጠቀቻት። ከሁሉ የባሰው፣ ብትናገር «ታዲያ ማንን መረጥሽ?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ ነው።

«ብቻውን ነበር» አለች።

«አልሐምዱሊላህ!» ሰኪና ቃሉ አምልጧት ነው። ወዲያው አፏን በሁለት እጇ ያዘች፣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ውይ፣ ይቅር በይኝ! ባንች ሐዘን ላይ እኔ ደስ ይበለኝ? ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

«እናት ነሽ» አለቻት ደብረወርቅ።

«ሰኞ ጎንደር ልሄድ ነው። ስንቅ ይዤለት። እስር ቤቱን አላውቀውም፣ ከተማውንም አላውቀው። አንች ታውቂዋለሽ።» ሰኪና እጇን ያዘቻት። «አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

ሰኞ ጧት በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ጎንደር እስር ቤቱ በር ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። ሰኪና ደክሟት ድንጋይ ላይ ስትቀመጥ፣ ደብረወርቅ የሙህዲንን ስንቅ ታቅፋ በእሷ ተራ ቆመች።