ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ ግራጫ

«እጅማ ማንም አለው፤ የእርሱ ሀብት ዓይኑ ነበር» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ በለቀስተኞቹ መካከል እየተዘዋወረ ሻይ ሲያድል። «ግራጫ ሲባል ለእኛ አንድ ቀለም ነው። እርሱ ግን እረኛ ከብቱን እንደሚለይ እያንዳንዱን ይለየው ነበር።»

ለቀስተኞቹ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ሳሎኑ ግድግዳ ተመለከቱ። ፈካ ያለ ግራጫ ነው፤ ጠዋት ቀዝቀዝ ብሎ ክፍሉን ያሰፋል፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ደግሞ ሙቀት ይተነፍሳል። ሟቹ ቤት ቀቢ ነበር። ባለጸጎች ሳሎናቸውን ሲያሳምሩ ተራ ጠብቀው የሚያስጠሩት ለዚህ ቀለም ሲሉ ነው፤ ስሙም ቀርቶ «ጋሽ ግራጫ» ይባል ነበር።

ሚስቱ ጥቁር ለብሳ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። የተባለውን ሰማች፣ አላስተባበለችም። በትዳር ዘመኗ ሁሉ አብሯት የኖረ ውሸት ነው፤ ግማሹንም ያቆመችው ራሷ ናት።

ታላቅ እህቷ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። «እጅሽን አጣጥፈሽ ያኖረሽ ሰው ይኸው ሄደ። እንግዲህ ሥራ ልትለምጂ ነው፣ እመቤት።»

«እታለም፣ ለቅሶ ላይ ነን እኮ።»

«ለቅሶ ላይ ስለሆንንማ ነው ቀስ ብዬ የተናገርሁት!»

ሚስቲቱ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ይህንን ስድብ መዋጥ የጀመረችው በሙሽርነቷ ነው። ያኔ ባሏ አንድ ዳኛ ቤት ሳሎን ቀብቶ፣ ባለቤቱ «ግራጫ አልሁ እንጂ የሻገተ ዳቦ አልሁህ?» ብለው አባርረውት መጣ። ከቀለሙ ጥቂት በአንድ ጣሳ፣ ሌላ ግራጫ ደግሞ በሌላ ጣሳ አድርጎ ፊቷ አኖረ።

«የትኛው ነው ትክክለኛው?»

«ትቀልዳለህ? ይሄኛው ወደ አረንጓዴ ሄዷል።»

ባልየው ጣሳዎቹን ተራ በተራ ወደ ብርሃን አነሣ። ከዚያም «ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው» አለ። ቀይና አረንጓዴ ደማቅ ሲሆኑ እንደ ምንም ይገምታቸዋል፤ በግራጫ ውስጥ ሲቀጥኑ ግን ከዓይኑ ፈጽመው ይሰወራሉ። ጉልበቷን ይዞ ለመናት፦ «ለእናትሽም፣ ለእህትሽም እንዳትነግሪ። ቀለም የማይለይ ቀቢን ማን ቤቱ ያስገባዋል?»

እርሷም ማለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግራጫውን የምታዋህደው እርሷ ሆነች። መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ፣ ወለሉ እንጨት ይሁን ሸክላ፣ መጋረጃው ምን እንደሚመስል ትጠይቀዋለች፤ ጓዳ ገብታም ነጩን ከጥቁሩ እያማሰለች፣ ብርሃን ለማያገኝ ክፍል የቀይ ጠብታ ትጨምርበታለች። እርሱ የተከደነውን ቆርቆሮ ይዞ ይሄዳል። ደንበኞቹ ሲጠይቁት «የሙያ ምስጢር ነው፣ ቤቴ ነው የማዋህደው» ይላቸዋል። ይህስ እውነት ነበር። ሰው ሲያመሰግነው በአደባባይ አንገቱን ይደፋል፤ ጓዳ ሲገባ ግን እጇን ስሞ «ዓይኔ አንቺ ነሽ» ይላታል። ደመወዟ ይህች ቃል ነበረች፤ በቅቷትም ነበር።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጓዳውን አስተዋት። «አሁን በማሽን ነው የሚቀመመው፤ አንቺ ወገብሽን አሳርፊ» አላት። አሰበልኝ ብላ ደስ አላት። አንድ ጊዜ ግን እርሱ የቀባው ቤት ምርቃት ተጠርተው ሲሄዱ፣ ግድግዳው ወደ አረንጓዴ አዘንብሎ አየችው። መንገድ ላይ «ወደ ጓዳው ልመለስልህ?» ብትለው ተቆጣ። «ፋብሪካው ነው! በፋብሪካው ጥፋት በእኔ ላይ አትፍረጂ!»

ለቅሶው በቀጠለ በሌላው ቀን፣ የቀለም መደብር ያላት ሴት እያለቀሰች መጣች። ጎልማሳ ናት፤ ጨዋ፣ ንግግሯ የታረመ። ሰው ሲቀንስ ሚስቲቱን ወደ ጓዳ ተከትላ ገባች።

«እናቴ፣ እርስዎ ሳያውቁ ቢቀር ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም» አለች። «ባለቤትዎ ቀለም አይለዩም ነበር። እኔ ጋ ጣሳ ደርድረው ነበር የሚያስመርጡኝ። እኔም እንደ አቅሜ እሞክር ነበር።»

ሚስቲቱ የምታጥበውን ብርጭቆ እንደያዘች ቀረች። «‹ለሌላ ሰው ነግሬያለሁ› አለሽ?»

«ኧረ ለማንም! ‹ሚስቴ እንኳ አታውቅም፤ ዓይኔ አንቺ ነሽ› ነበር የሚሉኝ። አይቀየሟቸው፤ እንዳይናቁ ፈርተው እኮ ነው።»

«አልቀየምም» አለች ሚስቲቱ፤ ብርጭቆውንም ማጠቡን ቀጠለች።

ነገሩ የአልጋ ቢሆን ኖሮ ስም በኖረው። እህቷ ጡጫዋን ጨብጣ ትነሣላት ነበር፤ ጎረቤትም አብሮ ይረግምላት ነበር። ይህ ግን ስም የለውም። ሥራዋን ያልተሠራ፣ የዋጠችውን ስድብ ያልተዋጠ፣ እርሷንም ያልነበረች ሴት አድርጎ ሄዷል። ለምን? ሰው ያቆሰለውን ይቅር ለማለት ጊዜ ይበቃዋል፤ ገመናውን የሸፈነለትን ይቅር ለማለት ግን ትሕትና ያስፈልገዋል፣ ትሕትና ደግሞ በጋሽ ግራጫ ዘንድ ለአደባባይ የሚለበስ ልብስ ነበር። በሌላዪቱ ፊት ምስጢሩን ያካፈለ ጌታ ሆኖ መቆም ይችላል። በሚስቱ ፊት ግን ሁልጊዜ ሁለት ጣሳ ይዞ የሚለምን ሙሽራ ነው። ስለዚህ ከእርሷ እጅ ትክክለኛውን ከሚቀበል፣ ከሌላ እጅ የተሳሳተውን መረጠ።

የሐዘኑ መዝጊያ ቀን ደረሰ። ወንድምየው ለስብሰባው ወንበር ሲደረድር ግድግዳውን አይቶ ደነገጠ። ለቀስተኞች ራሳቸውን ያስደገፉበት ስፍራ ጠቁሯል።

«የቀቢ ቤት እንዲህ ሆኖ ሰው ይሰብሰብበት? ለራሱ ያልሆነ ቀቢ ይሉናል!»

የሟቹ የሥራ ባልደረባ፣ ሌላው ቀቢ፣ በፍጥነት ሦስት ግራጫ አዋህዶ በካርቶን ላይ ቀብቶ አቀረበ። «ግራጫ መሠሪ ነው» አለ ራሱን እያከከ። «እርሱ ቢኖር ከበር ሆኖ ይለየው ነበር።»

ባለመደብሯ ጠጋ ብላ መካከለኛውን አመለከተች። «ይሄ ይመስለኛል።»

ቀቢው ለአክብሮት ያህል ወደ ሚስቲቱ ዞረ። «እትዬ፣ ምን ይላሉ?»

ሚስቲቱ ተመለከተች። የመጨረሻው ነበር ልኩ። መካከለኛው አረንጓዴ ነው፤ አሁን ተደብቋል፣ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ግን እንደ ሻጋታ ይወጣል።

«እርሷ ትለያለች» አለች ወደ ባለመደብሯ እያመለከተች።

«እህቴን ተዋት ባክህ» አለች እህቷ ቀቢውን። «እርሷ ከቀለም የምታውቀው የኩል ነው።»

ቀቢው መካከለኛውን በእድፉ ላይ ደህና አድርጎ ደረበበት። ሁሉም «አይለይም! አይለይም!» አሉ። ሚስቲቱ ከፊት ለፊቱ ተቀምጣ ፀሐይዋን ጠበቀች። ለማንም አልናገርም ብላ ምላለች፤ ግድግዳ ግን አልማለም።

እንግዶች ሞሉ። ወንድምየው ስለ ሟቹ ለመናገር ተነሣ። ፀሐይም በመስኮቱ ጠርዝ ገብታ ወለሉን አቋርጣ ግድግዳውን መውጣት ጀመረች። እድፉ የነበረበት ስፍራ ቀስ በቀስ አረንጓዴ ሆነ። መጀመሪያ ያየችው እርሷ ናት፤ ለጊዜው ብቸኛዋም እርሷ ናት።

«ወንድሜ በዕድሜው ሙሉ ግራጫ ስቶ አያውቅም» አለ ወንድምየው። «ምስክር ካስፈለገ ሩቅ አንሄድም...» እጁን ወደ ግድግዳው ማንሣት ጀመረ።

ሚስቲቱ ብድግ አለች። ወንበሯን አንሥታ በሰው መካከል አለፈች፤ ከአረንጓዴው ሥር አኑራ ተቀመጠችበት።

«እትዬ፣ አልደረቀም እኮ!» አለ ቀቢው በሹክሹክታ።

እርሷ ጥቁር ሻሽ ያሰረችበትን ራሷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ፣ አረንጓዴው ላይ አጥብቃ አስደገፈችው።