ከማእዘን እስከ ማእዘን

የእድሩ ጸሐፊ እምነት ያዘጋጀችው ጽሑፍ ከአንድ ገጽ አይበልጥም ነበር፤ አቶ ወልደየስ ግን ከዓርብ ጀምሮ ደጋግመው ቢያነቡትም መፈረም አልቻሉም። ጽሑፉ በአጻጻፉ የሚነቀፍ አልነበረም። ቋንቋው የተጣራ፣ ዘመኑ በትክክል የሰፈረ፣ የሰዎቹ ስም ሳይዛነፍ የተጻፈ ነው። ያስቸገራቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «መሥራቾቻችን ጎረቤቶቻቸውን ለማገልገል ካላቸው ፍቅር የተነሣ፣ ከቤታቸው ደጅ አልፈው መንገዱን በሙሉ ከማእዘን እስከ ማእዘን ለመጥረግ ወሰኑ» የሚለው። እንዲህ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ከእድሩ ሦስት መሥራቾች መካከል በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ስለሆኑም፣ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም ብለው ያምኑ ነበር።

በስደት በሚኖሩባት ከተማ አሮጌ ክፍል፣ በኦሪጅናል ኦሮራ፣ የሚገኘው የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት በዚያ ዓመት የአካባቢውን ታሪክ የሚያሳይ ዐውደ ርእይ ያዘጋጅ ነበር። ከተማዋ ፍሌቸር ተብላ ትጠራ ከነበረችበት ዘመን ጀምሮ፣ የጦር ሠራዊቱ ሆስፒታል ተዘግቶ በቦታው የሕክምና ተቋም እስከ ተተከለበት ጊዜ ድረስ ያለው ሁሉ በፎቶግራፍና በካርታ ተዘርዝሯል። በኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ግራና ቀኝ የሰፈሩ ማኅበረሰቦች ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ ዕቃና አንድ ገጽ ታሪክ እንዲያቀርቡ ተጠይቀዋል። ደንቡ ጥብቅ ነው። ዕቃው ከትውልድ አገር የመጣ ጌጥ ሳይሆን እዚሁ ሰፈር ውስጥ ያገለገለ መሆን አለበት፤ በታሪኩም ላይ በዓይኑ ያየ ሰው ሊፈርምበት ይገባል።

እድሩ የመረጠው ዕቃ የበረዶ አካፋ ነበር። አፉ በአንድ በኩል ተጣምሟል፤ የተሰበረውን እጀታውን ከመሥራቾቹ አንዱ የነበሩት ሟቹ አቶ ደምሰው በሽቦ ጠፍረው አስረውታል። የወቅቱ የእድሩ ዳኛ ባስልዮስ መጀመሪያ ሐሳቡ ሲቀርብለት «ሌላው ሰው ሐር ለብሶ ሲመጣ እኛ አካፋ ተሸክመን ልንታይ ነው?» ብሎ ነበር። በኋላ ግን ከሁሉ በላይ የተሟገተለት እሱ ሆነ፤ የእድሩን ዐሥራ አራተኛ አንቀጽ ከዚህ አካፋ የበለጠ የሚመሰክር ዕቃ እንደሌለ ያውቃልና።

ዐሥራ አራተኛው አንቀጽ አጭር ነው፤ «ለቅሶ ቤት ባለበት ብሎክ በረዶ የጣለ እንደሆነ፣ አባላት የመንገዱን ሁለቱንም ወገን ከማእዘን እስከ ማእዘን ይጠርጋሉ።» ይህ ደንብ አርባ ዓመት አልተጣሰም። ዛሬ ጡሩምባ የሚነፋው በቴሌግራም ነው። መልእክቱ እንደ ደረሰ ከኤርፖርት የሚመለሰው ባለ ታክሲ፣ ከሆስፒታል የወጣችው ነርስ፣ ሱቁን ለልጁ ትቶ የመጣው ነጋዴ፣ መኪናቸውን ራቅ አድርገው ፓርክ ያደርጉና ከማእዘኑ ይጀምራሉ። የሚጠርጉት የማንን ደጅ እንደሆነ አይጠይቁም። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት አቶ ደምሰው ያረፉ ዕለት ጉልበት የሚደርስ በረዶ ጥሎ ነበር። የእድሩ ሰዎች አካፋቸውን ይዘው ሲደርሱ መንገዱ ተጠርጎ ቆያቸው። ጎረቤቶቹ፣ ሜክሲኮዎቹም ጥቁሮቹም ነጮቹም፣ ማንም ሳይጠራቸው ከጎሕ በፊት ተነሥተው ከማእዘን እስከ ማእዘን ጨርሰውት ነበር። አቶ ወልደየስ በሕይወታቸው ከኮሩባቸው ቀናት አንዱ ያ የሐዘን ቀን ነው።

ይህን ሁሉ ክብር የተሸከመው መሠረት ግን እንዴት እንደ ተጣለ ያውቃሉ።

በ1976 ዓ.ም. በጥር ወር፣ በሱዳን በኩል ተሰድዳ የመጣች እታለም የምትባል ወጣት የአባቷን መርዶ ሰማች። የምትኖረው በዴይተን ስትሪት፣ ከሦስት ሴቶች ጋር በተከራየችው ቤት ነበር። ያን ጊዜ በሰፈሩ ያሉት ኢትዮጵያውያን ከሃያ አይበልጡም፤ ሁሉም ተሰብስበው አብረዋት ተቀመጡ። በሁለተኛው ቀን በረዶ ሲጥል ዋለ። በሰልስቱ ማለዳ በበሩ እጀታ ላይ ከከተማው የመጣ ወረቀት ተንጠልጥሎ ተገኘ። ከመካከላቸው ዩኒቨርሲቲ የረገጡት ወልደየስ ብቻ ስለነበሩ ወረቀቱ ለእሳቸው ተሰጠ።

ከወረቀቱ የተረዱት ሦስት ነገር ነው፤ በረዶ፣ የእግረኛ መንገድ፣ ሃያ አራት ሰዓት። የቀረውን የሞሉት ከመጡበት ዘመን ልማድ ነበር። በቀበሌ አገር የመንግሥት ወረቀት ሲመጣ የሚመጣው ለአንድ ቤት አይደለም፤ ለሰፈሩ ነው። ከየቤቱ አንድ ሰው ይወጣል፤ ያልወጣ ይጠየቃል። ስለዚህ ወረቀቱን አጠፉና «መንገዱ በሙሉ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ መጠረግ አለበት» አሉ።

ደምሰው በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከቱ። «ፈረንጆቹስ? አንድም ሰው አልወጣ።»

«የእነሱ ተራ አልፎ ይሆናል። መጨረሻ የመጣነው እኛ ነን፤ ተራው የእኛ ነው።»

በዚህ ላይ ማንም አልተከራከረም። ስድስት ወንዶች በሁለት አካፋና በአንድ የቆሻሻ በርሜል ክዳን፣ በሁለቱም ወገን ያሉትን የሃያ ሁለት ቤቶች ደጅ ጠርገው ሲጨርሱ ቀኑ መሽቶ ነበር። መጋረጃ እየገለጡ ያዩአቸው ነበሩ፤ የወጣ ግን አልነበረም። በማግስቱ ወልደየስ፣ ደምሰውና ባሕሩ የሚባል ጓደኛቸው እድሩን መሠረቱ፤ ዐሥራ አራተኛውንም አንቀጽ ወልደየስ በገዛ እጃቸው ጻፉት።

በሦስተኛው ዓመት፣ ለዜግነት ፈተና ሲዘጋጁ፣ የከተማውን ደንብ የያዘ መጽሐፍ አገላብጠው እውነቱን አገኙት። እያንዳንዱ ነዋሪ የሚጠየቀው ከራሱ ደጅ ፊት ላለው መንገድ ብቻ ነው። ገጹን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ መጽሐፉን ዘጉት፤ ለማንም አልተናገሩም። ከዚያ ወዲህ አካፋ ባነሡ ቁጥር ያን ገጽ ያስታውሱታል። ደምሰው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ወገባቸውን ይዘው ሲያቃስቱ ባዩ ጊዜ ደግሞ ዝምታቸው ይበልጥ ይከብዳቸው ነበር።

አሁን ጽሑፉን ቢፈርሙ የሰፈሩን ታሪክ በሐሰት ያትሙታል። እውነቱን ቢናገሩ፣ አርባ ዓመት የተኮራበት ሥራ የአንድ ወጣት ያላዋቂነት ውጤት ሆኖ መሳቂያ እንዳይሆን ፈሩ። ራሳቸውን ግን በአንድ ነገር ያውቁታል፤ ያልሆነውን ሆነ ብለው ፈርመው አያውቁም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባላቱ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ሠላሳ ያህል ሰው አለ። አካፋው በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ፣ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎለት ተጋድሟል። የአቶ ደምሰው ባለቤት ወይዘሮ አያልነሽ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሽቦውን በጣታቸው ይዳብሳሉ።

«ጋሼ ወልደየስ፣ ነገ ጠዋት ለቤተ መጻሕፍቱ ሰብሚት ማድረግ አለብኝ» አለች እምነት። «የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው።»

«ብዕር ጠፍቶ ከሆነ እኔ ጋ ሦስት አለ» አለ ባስልዮስ።

አቶ ወልደየስ ተነሡ። ንግግር ሲያደርጉ እንደ ልማዳቸው የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። ከዚያም አንዲት ቃል ሳይጨምሩ፣ ለራሳቸውም ሳይራሩ፣ የሆነውን ሁሉ ተናገሩ። ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ቀበሌው ልማድ፣ ስለ ተራው፣ በሦስተኛው ዓመት ስላገኙት ገጽ።

መጀመሪያ የተናገረው ባስልዮስ ነበር። «ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ በደንብ ልረዳዎት። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የማላውቀውን ሰው ደጅ የጠረግሁት በቀበሌ ትእዛዝ ነው?»

«በእኔ ስሕተት ነው።»

«እኔ እኮ ከቀበሌ ሸሽቼ ነው የመጣሁት።»

ከኋላ ሳቅ ተነሣ። አቶ ወልደየስ አልሳቁም፤ ወደ ወይዘሮ አያልነሽ ዞሩ። «አያልነሽ፣ ከሁሉ በፊት ይቅርታ የምጠይቀው አንቺን ነው። የደምሰውን ወገብ የጎዳው የእኔ ዝምታ ነው። በሦስተኛው ዓመት ተናግሬ ቢሆን ኖሮ...»

«ተቀመጥ ወልደየስ» አሉ ወይዘሮ አያልነሽ፣ እጃቸውን ከሽቦው ሳያነሡ። «ደምሰው ያውቅ ነበር።»

አቶ ወልደየስ አልተቀመጡም።

«በዚያው ሳምንት ነው ያወቀው። ኤርፖርት አብሮት የሚያጸዳ ሰው ነገሩን ሰምቶ ሳቀበት፤ ለራስህ ደጅ ብቻ ነው አለው። ማታ መጥቶ ነገረኝ። እኔም፣ ታዲያ ሂድና ለወልደየስ ንገረው አልሁት። ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? አንድ የተማረ ሰው ነው ያለን፤ እሱን ዛሬ ካሳፈርነው ነገ ወረቀት ሲመጣ ማን ያነብልናል? አለኝ።»

«ሌሎቹስ?»

«ባሕሩም ያውቅ ነበር። እታለምም ካሊፎርኒያ ከመሄዷ በፊት አውቃለች። አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው፤ ያውም ሦስት ዓመት።»

በዚህ ጊዜ የሳቀው ከኋላ ያለው ብቻ አልነበረም። ባስልዮስ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አቶ ወልደየስ ወንበራቸውን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።

«ታዲያ ለምን አላቆማችሁም?» ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

ወይዘሮ አያልነሽ ከሽቦው ቀና አሉ። «ከፊት ለፊታችን ትኖር የነበረችውን፣ ኖርማ የምትባለውን ሴትዮ ታስታውሳታለህ፤ ነፍሷን ይማር። ስድስት ወር ሙሉ ስናልፍ መጋረጃ ትዘጋ ነበር። ያን ዕለት በጠረጋችሁ ማግስት በሯን ከፍታ ደምሰውን ስሙን ጠየቀችው። ደምሰው አላት። መጥራት አቃታት፤ ደግሞ ሞከረች። ሲነግረኝ እንደ ልጅ ደስ ብሎት ነበር። ሕጉ ለራስ ደጅ ብቻ ከሆነ፣ አለኝ፣ ሕጉን ያወጡት ሰዎች አንድ ነገር ረስተዋል። ወገቡን እሱ ራሱ ነው የሰጠው፤ አንተ አልወሰድህበትም።»

እምነት ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችና «እንግዲህ ይህን እንዴት ልጻፈው?» አለች። «ዐውደ ርእይ ላይ በስሕተት ነው የጀመርነው እንበል?»

«ስጪኝ» አሉ አቶ ወልደየስ። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ከባስልዮስ ሦስት ብዕሮች አንዱን ወሰዱ። ያስቸገራቸውን ዓረፍተ ነገር በአንድ ቀጥ ያለ መሥመር ሰረዙትና በላዩ ላይ፣ ዐሥራ አራተኛውን አንቀጽ በጻፉበት በዚያው ጠንቃቃ የእጅ ጽሕፈት፣ እንዲህ ብለው ጻፉ፤ «መንገዱን በሙሉ መጥረግ ግዴታችን ነው ብለን በስሕተት ጀመርን። ግዴታችን እንዳልሆነ ካወቅን በኋላ አላቆምንም።»

እምነት ጮክ ብላ አነበበችው። አንድ ጊዜ አንብባ አልበቃትም፤ ለራሷ ደገመችው።

ባስልዮስ ፊቱን በመሐረብ ጠርጎ ቀና አለ። «እኔ የዚህ እድር ዳኛ ነኝ፤ ሥርዓቱን መጠበቅ አለብኝ። አንቀጹ በስሕተት የተጻፈ መሆኑ በጉባኤ ፊት ተነግሯል። ስለዚህ እጠይቃለሁ። ዐሥራ አራተኛው አንቀጽ፣ የለቅሶ ቤቱ ደጅ ብቻ ተብሎ ይሻሻል የምትሉ፣ እጅ አውጡ።»

ሠላሳው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። በዕድሜ የገፉት እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አጣመሩ። ከመካከለኛው ረድፍ አንድ ሰው እጁን ከፍ ሲያደርግ ሁሉም ዞረው አዩት፤ ራሱን ሊያክክ ነበር።

«ዳኛው ራሱስ?» አሉ ወይዘሮ አያልነሽ። «አንተ አይደለህ ስታማርር የምትኖረው?»

«እትዬ፣ እጄን ላወጣ ነበር፤ ግን ባለፈው ሳምንት ፓርክ ሂል ለቅሶ ላይ ትከሻዬን ጨርሼዋለሁ፤ አይነሣልኝም።» ወደ እምነት ዞረ። «አንቀጹ ባለበት ጸንቷል። ይጻፍ።»

አቶ ወልደየስ ፈረሙ። ስማቸውን ከእነአባታቸው፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አሰፈሩ። እምነት አካፋውን በጨርቁ ስትጠቀልል፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያሉት ባለሙያዎች ዝገቱን አጽድተው እጀታውን በአዲስ እንተካው እንዳሏት ነገረቻቸው።

«ዝገቱን ይጥረጉት» አሉ ወይዘሮ አያልነሽ። «ሽቦውን ግን ማንም እንዳይነካው።»

«በጽሑፍ አደርገዋለሁ» አሉ አቶ ወልደየስ፤ ብዕሩንም ለባስልዮስ ሳይመልሱ፣ ከፊርማቸው ሥር ባለው ባዶ ቦታ ላይ መጻፍ ጀመሩ።