የማማው መዝጊያ

አውሎ ነፋሱ በመጣበት የመስከረም ቀን ከቀትር በኋላ፣ በሮድ አይላንድ ጠረፍ በሚገኘው የበጋ ቤት ውስጥ የነበሩት ላቪንያ፣ ታላቅ ወንድሟ አንሰልና የቤቱ ጠባቂ ፉርታዶ ናቸው።

ቤቱን ያሠሩት የወንድምና የእህት አያት ነበሩ። ጣሊያን አገር ያዩት ቪላ ከልባቸው አልወጣ ቢላቸው፣ ባለ ቅስት መስኮትና ባለ አራት ማዕዘን ማማ አድርገው በእንጨት አሠሩት። ቀለሙ ሳይደርቅ አሸዋ አስነስንሰው ድንጋይ አስመሰሉት። ማማው ለጌጥ ብቻ አልነበረም። መስኮቶቹ ሲከፈቱ የቤቱን ሙቀት በደረጃው በኩል ስቦ ያወጣል፤ ቤቱ የሚተነፍሰው በእሱ ነው።

በዚያ አገር በጋው ሰኔ ገብቶ መስከረም ላይ ያልቃል፤ ሲያልቅ የማማውን የመስኮት መዝጊያዎች የሚዘጋው የቤተሰቡ ታላቅ ብቻ ነው። ከተዘጉ በኋላ እስከ ሰኔ ድረስ እዚያ ቤት ማንም አያድርም። ዘንድሮ ግን የሚጠበቅ ሰኔ አልነበረም፤ ቤቱ በማግስቱ ለጎብኚ ለሚከፍተው ለአንድ የቅርስ ጠባቂ ማኅበር ይሰጣል። ታችኛው ክፍል ሁሉ ሲዘጋ አንሰል ማማውን አልዘጋም ብሎ ወንበር ይዞ ወደዚያ ወጣ።

ረፋዱ ላይ ወፎቹ ከባሕሩ ጠፍተው ነበር። አሁን ሰማዩ እንደ ጉበት በሽተኛ ዓይን ቢጫ ሆነ። ነፋሱ በማማው ገብቶ በደረጃው ሲወርድ፣ የዕቃዎቹ መሸፈኛ አንሶላ ሁሉ ከሥሩ ሰው የሚነሣ ይመስል ተነፋ። ፉርታዶ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ።

“እሜቴ፣ ቤቱ አፉን ከፍቶ ነፋስ እየዋጠ ነው። ጌታዬን ይዝጉት ይበሏቸው።”

አንተ ለምን አትዘጋውም ብትለው፣ የእኔ ሥራ አይደለም አላት።

ላቪንያ ወደ ማማው ወጣች። ወለሉ ከእግሯ ሥር ይላወሳል። አንሰል ፒፓውን ነክሶ ባሕሩን ያያል። ዝጋውና እንውረድ አለችው።

“ሕፃን ሳለሽም ጉም ባየሽ ቁጥር አልጋ ሥር ነበርሽ” ብሎ ሳቀባት።

“ጣሪያው እየተነሣ ነው፣ አንሰል።”

“ከዘጋሁት እንግዳ ነኝ። ነገ የአባቴን አልጋ ከጎብኚ ጋር ቆሜ ልመለከት ነው። እስኪመሽ ብቻ ተዪኝ።”

መዝጊያው አጠገቧ ነበር። ብረቱን ያዘችው። ወንድሟ እጇን አየ። ታላቅ እያለ ታናሽ ማማ ዘግቶ አያውቅም። እጇን መለሰች፤ ሻይ ላምጣልህ ብላ ወረደች።

ደረጃውን ሳትጨርስ ማማው ከነአንሰል ተነቅሎ ሄደ። አስከሬኑን ዓሣ አጥማጆች ከባሕሩ ዳር ዐለቶች መካከል አገኙት። ማኅበሩ ቤቱን ተረከበ፤ ማማውንም ከፎቶግራፍ አይቶ እንደ ቀድሞው አሠራው። በየመስከረሙ መዝጊያዎቹን የሚዘጋው ፉርታዶ ሆነ።