የሃያ ስምንት ዓመቷ አያት

ናማልዋን የትምህርት ቤቱ አማካሪ አድርገው ሲሾሟት አንዲት ጠባብ ክፍል ሰጧት። ክፍሏ ከዳይሬክተሩ ቢሮ ጋር ግድግዳ ትጋራለች። ደጃፏ ላይ ደግሞ ያረፈዱ ልጆች የሚንበረከኩበት ደረጃ አለ። እኔ የወላጅ ኮሚቴ አባል ነኝ። ቦታው እንደማይሆን አይቻለሁ፤ የጠየቀኝ ግን የለም።

ስዋሂሊ እያስተማረች፣ ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ከእኛው ከኪሚሊሊ ኪሱሙ ከተማ እየተመላለሰች ነው የምክር ትምህርቷን የጨረሰችው። ሌሎቹ መምህራን ሲያርፉ እሷ አውቶብስ ላይ ነበረች። ዳይሬክተሩ ካኤምባን ያሳሰበው ሌላ ነው። የተማሪው ምሳ ቦሎቄ የሚቀመጥበት መጋዘን ጣሪያ ያፈሳል።

«ትምህርት እስኪዘጋ አንድም ልጅ በፈቃዱ ካልገባ ክፍሉ ለቦሎቄው ይሆናል፤» አላት። «አንቺም ወደ ሰሌዳሽ ትመለሻለሽ።»

ማንም አልገባም። በሩ ላይ «ችግራችሁን ንገሩኝ» ብላ ለጠፈች። በማግስቱ ከሥሩ «ለዳይሬክተሩ እንዳደርስላችሁ» የሚል በእስክሪብቶ ተጨምሮበት ተገኘ።

ሲቸግራት ራሷ አንድ ልጅ አስጠራች። ሲቱማ ይባላል። ጎበዝ ነበር፤ ድንገት ዝምተኛ ሆነ፣ ውጤቱም ወረደ። ለአርጩሜው ተዘጋጅቶ፣ ሁለት ሱሪ ደርቦ መጣ።

«ልጄ፣ በልብህ ያለውን ንገረኝ።»

«እኔ አይደለሁም፣ ቲቸር።»

«ምኑን?»

«እሱን።»

«ማንም አልከሰሰህም፣ ልጄ።»

ልጁ ትንሽ አሰበ። «እሺ፣ መስኮቱን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ልሂድ?»

ይህን የነገረችኝ ከኮሚቴው ስብሰባ ስንወጣ ነው። አልሳቅኩም። ለጥቂት ነው ያመለጥኩት።

«ኩካ፤» አለችኝ፤ እኛ ቡኩሱዎች ሽማግሌን እንዲህ ነው የምንጠራው። «ኮሌጅ ያስተማሩኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ድምፄን ዝቅ አደረግኩ፣ አልተቆጣሁም። ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት?»

«ምን ብለሽ ጠራሽው?»

«ልጄ ብዬ።»

«እናቱ ሆንሻ። የልቡን ለእናቱ የሚያወጣ ጎረምሳ የት አይተሻል? እንዲህ ያለው ነገር የሚነገረው ለአያት ነው።»

«አያት ከየት ላምጣለት?»

«አባትሽ የማን ልጅ ነው?»

ነገረችኝ። ዘሩን ቆጠርኩ። አባቷ አንድ ሽማግሌ በስተርጅና የወለዱት የመጨረሻ ልጅ ነው። የሲቱማ አያት ደግሞ የእኚያው ሽማግሌ የበኩር ልጅ ልጅ ነው። የአጎት ልጅ ወንድም ነው፤ ስለዚህ የሲቱማ አያት ወንድሟ ነው።

«የልጁ ኩኹ ነሽ፤» አልኳት። «አያቱ።»

«ኩካ፣ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ገና አላገባሁም።»

«ዕድሜሽን አልጠየቅኩሽም።»

ሰኞ ጠዋት ተማሪው ሰልፍ ላይ እንዳለ ወጣሁና፣ «ይህቺ የሲቱማ ኩኹ ናት። የሲቱማ ጓደኞች ከሆናችሁ የእናንተም ናት፤» አልኩ። ሳቁ። ናማልዋ አንገቷን ደፋች።

እኛ ዘንድ አያትና የልጅ ልጅ ይቀላለዳሉ። ወንዱ አያቱን ሚስቴ ይላታል፤ እሷም የአፉን ትሰጠዋለች። ዝም ካለች ተቀይማለች ማለት ነው።

በዚያው ቀን አንድ ረጅም ልጅ አንገቱን በበሩ አስገባ።

«ሚስቴ፣ ምን ሠርተሽ ጠበቅሽኝ?»

ናማልዋ ደነገጠች። ወዲያው ግን፣ «በዚያ ጥርስህ ልትበላ? ሂድና ፊትህን ታጠብ፣ ሌላ ሳላገባብህ፤» አለችው።

ልጁ እየሳቀ ገብቶ ተቀመጠ። ከእሱ በኋላ ሌሎቹ መጡ። ሴት ተማሪዎቹም፣ የወንድ አያታችን ሚስቶች ነን በሚለው ቀልድ፣ «ጣውንቴ» እያሉ መጡ። ሲቱማም መጣ፣ በአንድ ሱሪ። በሩ ተዘግቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ፊቱ ተፈትቷል። ምን እንደነገራት አላውቅም። ጠይቄያታለሁ።

«ሥራዬ እኮ ነው፣ ኩካ፤» አለችኝ።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል ዝናቡ ባሰ። ካኤምባ ቦሎቄውን በሠራተኞች አሸክሞ መጣ። በሩ ላይ ልጆች ተሰልፈዋል፤ ናማልዋ ውስጥ ተቀምጣለች። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ይኸው እየገቡ ነው፤» አለችው።

«እየቀለዱ ነው እንጂ! ይሄ ምክር ነው ሰርግ? ተነሺ፣ ወንበሩን ላውጣ።»

ይህን ብሎ እግሩን ወደ ውስጥ ሲያነሳ ከሰልፉ ሲቱማ ተናገረ።

«ዳይሬክተር፣ ባለቤትዎ የአባቴ እህት አይደሉም?»

«ናት። ምን አገናኘው?»

«ኩኹ ደግሞ የእሳቸው አክስት ናት።»

የካኤምባ እግር አየር ላይ ቀረ። እኛ ዘንድ የሚስት አክስት አማት ናት። አማት ያለችበት ክፍል አይገባም፤ ፊቷም አይታይም። እሱ ግን ሲጮህባት ነው የከረመው።

«እውነት ነው?» አለኝ።

ቆጠርኩ። እስከ ሚስቱ ድረስ ሄጄ አላየሁትም ነበር።

«እውነት ነው፤» አልኩት።

ወዲያው ጀርባውን አዞረና ለግድግዳው ተናገረ። «አማቴን ይቅርታ ጠይቁልኝ። ቦሎቄው እኔ ቢሮ ይግባ።»

ገባ። አሁን ካኤምባ የሚሠራው በጆንያ ተከቦ ነው። ናማልዋን ግቢ ውስጥ ካያት በሽንት ቤቱ ዞሮ ይሄዳል።

እሷ ክፍሏ ተረፈላት፤ ግን ሌላ ጣጣ መጣ።

«ኩካ፣ በሲቱማ ጉዳይ ዳይሬክተሩን ማነጋገር አለብኝ። ልጁም ፈቅዷል። ሰውየው ግን ይሸሸኛል።»

«ምንድነው የምትነግሪው?»

«ኩካ!» አለችኝ።

«እሺ፤» አልኳት። «አንቺ በመስኮቱ ወዲህ፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ወዲያ። መሃል ላይ እኔ ቆሜ አቀባብላለሁ። ደግሞ ጆሮዬ ደካማ ነው፣ ሁሉንም አልሰማም።»

«ጆሮዎማ ደህና ነው፣ ኩካ፤» አለችኝና የወንድሟን ልጅ፣ የካኤምባን ሚስት፣ መልእክተኛ አድርጋ ልትልክበት ሄደች።