የካያኩ የፊት ወንበር

"ይግቡ እንጂ፣ አያ ሙሉሰው!"

"እርስዎ እያሉማ አይሆንም፣ መምሬ!"

ሂዊ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገብታ ቢጫውን ካያክ፣ ሁለት ሰው የምትይዘውን ጠባብ የቀዘፋ ጀልባ፣ በሁለት እጇ ይዛለች። ሁለቱ ሽማግሌዎች የመንሳፈፊያ ጃኬት በጋቢያቸው ላይ አጥልቀው ዳር ቆመው ይገባበዛሉ።

ሂዊ ቀዘፋ የለመደችው ቼክ አገር ስትማር ነው። ደብረ ማርቆስ ተመልሳ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ብሔራዊ ፓርክ ሐይቅ ላይ ጎብኚዎችን ለማንሸራሸር ፈቃድ ጠየቀች። የፓርኩ ኃላፊ አቶ ፈንታ፣ "የአገሩ ሽማግሌዎች ሞክረው 'ደህና ነው' ካሉ እፈርማለሁ" አሏት። ካልፈረሙ ወደ ቼክ ተመልሳ ትሄዳለች። መምጣቷ ራሱ ስህተት ሳይሆን አይቀርም ስትል ነው ያደረችው።

"አንዳችሁ ከፊት፣ አንዳችሁ ከኋላ ትቀመጣላችሁ" አለች።

መምሬ አካለ ወልድ ደነገጡ። "ከፊት ያለው ለኋለኛው ጀርባውን ሊሰጥ? እኔ ለታላቄ?"

"እኔስ ለቄስ?" አሉ አያ ሙሉሰው። "ሰው ምን ይለኛል?"

"ማን ያያችኋል፣ አባባ?"

"አንቺ ልጅ፣ ዓይን የለሽም? ግማሽ ቀበሌ ዳር ቆሞ!"

በመጨረሻ መምሬ ተሸንፈው ከፊት ገቡ። ከዳር እንደራቁ ግን እግራቸውን ቀስ ብለው አዙረው ከአያ ሙሉሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀመጡ። ካያኩ ተወዛወዘ፤ ሰዉ "እግዚኦ!" አለ። ከዚያ ሁለቱም ከልባቸው መቅዘፍ ጀመሩ፤ አንዱ ወደ ማዶ፣ አንዱ ወደ ዳር። ካያኩ ባለበት ይሽከረከር ጀመር።

"መምሬ፣ ወደ ኋላ እየጎተቱኝ ነው!"

"ኧረ የሚጎትቱትስ እርስዎ ነዎት!"

የአያ ሙሉሰው ባለቤት ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ከዳር ጮኹ። "አያ! በሬ ፊት ለፊት ተጠምዶ ያርሳል እንዴ?"

ዳሩ በሳቅ አውካካ። አቶ ፈንታ ብቻ አልሳቁም፤ ብዕራቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ሂዊ ይህን ስታይ ከነልብሷ ዋኝታ ደረሰችባቸው።

"መምሬ፣ መቅዘፊያውን ያስቀምጡ። አያ ብቻ ይቅዘፉ፤ እርስዎ ጨዋታ ያምጡ።"

ካያኩ ቀጥ ብሎ ሄደ። ሁለቱ እያወጉ ማዶ ደረሱ፤ እዚያም ወጋቸው አላለቀም፤ ሲመለሱ መምሬ ያወሩት የነበረውን ሳይጨርሱ ከካያኩ ለመውረድ አመነቱ።

"ደህና ነው?" አሉ አቶ ፈንታ።

"ደህና ነው" አሉ አያ ሙሉሰው። "የሠራው ሰው ግን ባለጌ ነው። ጀርባ ሰጥቶ ተቀምጦ ማን ከማን ጋር ያወራል?"

"ወንበሩ ይዙር" አሉ መምሬ። "ሚስቴንም አመጣታለሁ።"

አቶ ፈንታ ወደ ሂዊ ዞሩ። "ይዞራል?"

ቀዘፋ ያስተማራት ሰው ቢሰማ ራሱን ይይዝ ነበር። ሁለቱ ሰዎች አንድ አቅጣጫ ማየት አለባቸው፤ የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነበር። ሂዊ ውሃ የሚያንጠባጥብ ፀጉሯን ወደ ኋላ መለሰች።

"መፍቻ ያለው ሰው አለ?" ብላ ጮኸች፤ በጉልበቷም ተንበርክካ የፊቱን ወንበር ብሎኖች በጣቷ ትፈልግ ጀመር።