የማርቆስ ድርሻ

ይታወቅ፤ ከመስከረም አንድ ቀን 1989 ዓ.ም. ጀምሮ፣ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር፣ በአቶ ካሱ ጓዳ የተቀመጠው የቅቤ ማሰሮ በአዋጅ ታሽጓል። አዋጁን ያወጀችው፣ ያጸደቀችው፣ በገመድ ቋጥራም ያስፈጸመችው ሚስቱ ልክነሽ ናት።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ካሱ ስኳር ከያዘው ስድስት ዓመቱ ነው። ሲስተር አቢጋኤል፣ ቅቤና ጮማ የልቡን ደም ሥር ውስጥ ውስጡን እንደሚያጠብበት ነግራቸዋለች። የስኳር ሕመምተኛ ልብ ደግሞ አንዳንዴ ምንም ሳያመው ቀጥ ይላል። ታላቅ ወንድሙ ማርቆስ አምና እንዲያ ነው የሄደው፤ ስኳር እያለበት ጮማውን ሳይተው፣ ምሳ በልቶ ጋደም እንዳለ። ከዚያ ወዲህ ልክነሽ ባሏ ባሸለበ ቁጥር ደረቱ ላይ ጆሮዋን ትለጥፋለች።

ካሱ አዋጁን አልተቃወመም። የሐይቁን ዓሣ፣ ዘይት ጠብ የተደረገበትን ጎመን እሺ ብሎ በላ። ማሰሮው ግን እሮብ እሮብ አንድ ጣት ይጎድላል፤ ያውም በጾም ቀን። አይጥ ነው እንዳትል፣ አይጥ ገመድ መልሶ አይቋጥርም።

“ሰውዬ፣ ልትሞትብኝ ነው?” አለችው።

አልቀመስኩም ብሎ በማርቆስ አጥንት ማለ።

በሚቀጥለው እሮብ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ተከተለችው። መቃብር ገባ። በማርቆስ ራስጌ የእንሰት ቅጠል አነጠፈ፣ ቅቤውን አኖረና ወደኋላ ራቅ ብሎ ቆመ።

ያኔ ገባት። በደጋው አገር በጨንቻ፣ በነካሱ የትውልድ ቤት፣ ታናሽ ከበኩሩ ቀድሞ ቅቤ አይቀምስም፤ ታናሽ የተወውም የበኩሩ ነው። ሰውየው ሲስተር የከለከለችውን ድርሻውን ለባለመብቱ እያደረሰ ኖሯል። እፎይ ልትል ምንም አልቀራት፤ ማርቆስን እንደሆነ ከእንግዲህ ቅቤ አይገድለው።

ቅቤው ግን አልቀለጠም። በዚያ ንዳድ፣ በአርባ ምንጭ ምድር፣ የጨንቻ ውርጭ እንደመታው ረግቶ ነጭ ብሏል። ካሱ እጆቹን ወደኋላ አጣምሯል። ከመቃብሩ ወገን፣ ቅቤው ላይ፣ አራት ጣት የጠረገው ፈለግ ቀስ ብሎ ታየ። ካሱ አንድ ነገር እንደተነገረው ሰው ራሱን ነቀነቀ።

ቤት ሲደርሱ እጁን አሸተተች፤ አፉንም። ቅቤ ቅቤ አይልም። ምን እንደተባለ ጠየቀችው። እሱ ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ።

“ለሚቀጥለው እሮብ የሁለት ሰው አድርገሽ አንቺው ውሰጂው” አላት።

“ሁለተኛው ማነው?”

“አልናገርም።”

“ካሱ፣ በማርያም።”

“አልናገርም አልኩሽ።”