አሽትታ መለሰችልኝ

ሸዋርካብሽ ጀሪካኑን እንደ ሕፃን አቅፋ ወደ ግቢው ስታወጣው ዘይቱ ንቅንቅ አላለም። ረግቷል። የሀርጌሳ ነሐሴ እንዲህ ነው፤ ቀን ያቃጥልና ንጋት ላይ ካፖርት ያስመኛል። ፀሐይ ቀድማ ከምታርፍበት የግንብ ጥግ አስቀመጠችውና በመዳፏ ጀርባውን ቸብ ቸብ አደረገችው።

"ተነሥ እንጂ አንተ ሰነፍ! ዛሬ የሚተኛበት ቀን ነው?"

እውነቷን ነው፤ ዛሬ ስለቷን የምታስገባበት ቀን ነበር። ታናሽ ወንድሟ ቸርነት መርከበኛ ነው። ሞተር ክፍል ውስጥ ተቀብሮ ዓለምን የሚዞር ሰው! በሰላም የብስ ረግጦ ደጇ ከቆመላት፣ በፍልሰታ ጾም መሐመድ ሞጌ ሠፈር ሕንፃ ለሚገነቡት ያገሯ ልጆች ቦምቦሊኖ ጠብሳ ልታበላ ለእመቤታችን ተስላ ነበር። ዓመታት አለፉ። እሱ ካንዱ ወደብ ይደውላል፣ "ደህና ነኝ እትዬ" ይላል፤ እሷ "ተመስገን" ብላ ስልኩን ትዘጋና እንባዋን ትለቃለች። ትናንት ታዲያ መርከቡ በርበራ ላይ ሲያራግፍ ፈቃድ አግኝቶ፣ በመኪና ሽቅብ መጥቶ በሯን አንኳኳ። እልልታዋ ሠፈሩን አስደነገጠ። ዛሬ አመሻሽ ላይ ይመለሳል። ስለቱ እሱ እያየ መግባት አለበት።

ስለት ደግሞ ንጹሕ ነገር ይፈልጋል። የሸዋርካብሽ ጥንቃቄ ለጉድ ነው። እዚህ ከተማ ደወል ተደውሎ "ጾም ነው" የሚላት የለም፤ የሚያስታውሷት ስልኳና ሆዷ ናቸው። ስለዚህ የጾም ድስቷ ሌላ፣ የጾም ማንኪያዋ ሌላ ነው። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። የአንድ እንስሳ ነፍስ ያልነካው ማዕድ ነው ለእመቤታችን ቃል የገባችው።

ቸርነት ፊቱን ታጥቦ እየተጠራረገ ወጣና ጀሪካኑ አጠገብ ቁጢጥ አለ። በላዩ ላይ የተሣለውን ቀይ የፍሬ ዘለላ በጣቱ ዳሰሰው።

"በዚህ ነው የምትጠብሺው እትዬ?"

"ታዲያ በምን ልጥበስልህ፣ በውሃ?"

አልሳቀም። ሸዋርካብሽ ዱቄቱን እያቦካች በጎን አየችው። ልጅ ሳለ እንዲህ ዝም ያለ እንደሆነ አንድ ነገር ሰብሮ ነው።

"ምን አየህ? ተናገር እንጂ።"

"ተይው፤ ዛሬ የደስታ ቀንሽ ነው።"

"በሞቴ!"

በሞቴ ከተባለማ ምን ይደረጋል። ቸርነት ጀሪካኑን እያየ ጀመረ። ዘይቱ ከላይ በኩል ፀሐይ ነክቶት ነጩ እንደ ጉም እየሳሳ ወርቅማ እየሆነ ነበር።

"የዚህ ዘይት አገር ኢንዶኔዥያ ነው። ደሴቶች ናቸው። ጫነን ነው ያመጣነው፤ ይሄን ባይሆን እንደዚህ ያለውን። ጭነቱ እስኪሞላ ከወደቡ ወጣ ብለን በመኪና ሄድን። ዘንባባ ነው እትዬ፣ ዘንባባ፣ አሁንም ዘንባባ። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ በመስመር የተተከለ። ሰዓታት ስንሄድ ወፍ እንኳ አልሰማሁም። ቀድሞ እዚያ ጫካ ነበር፤ ነብሩም፣ ዝሆኑም፣ ሁሉም የሚኖርበት። ዘንባባ ለመትከል ቆርጠው አቃጠሉት።"

"እሺ?"

"መጨረሻው ላይ፣ ጫካው ገና እየተመነጠረ ካለበት፣ አንዲት ኦራንጉታን አየሁ። ትልቅ፣ ፀጉራም፣ ቀይ። በእነሱ ቋንቋ 'የጫካ ሰው' ማለት ነው አሉኝ። የወደቀ ግንድ ላይ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። መውጫ ዛፍ የላትም። እጇን ብታዪ፣ የኛው እጅ ነው። ዝም ብላ ታየናለች። አትጮህ፣ አትሸሽ።"

ሸዋርካብሽ ቡኮውን በቡጢ ደለቀችው።

"አበስኩ ገበርኩ! ስንት ዘመን ጠብቄ፣ ስለቴን በዝንጀሮ ልታበላሽብኝ ነው? ዘይት የጾም ነው። ከዛፍ የወጣ ነው!"

"የጾም ነው እትዬ። አይደለም አልወጣኝም።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ የለም። ጫካ ሳይነኩ የሚያለሙም አሉ ይላሉ። ይሄኛው የየቱ እንደሆነ ግን አልተጻፈበትም። ምነው ባልነገርኩሽ።"

"ምነው ባልነገርከኝ!" አለችና ቡኮውን በነጭ ጨርቅ ሸፈነችው። ወንድሟን ተቆጥታዋለች። ከዚያ ሁሉ ናፍቆት በኋላ በአንድ ቀኗ! ግን የተቆጣችው እሱን ብቻ እንዳልሆነ ሆዷ ያውቅ ነበር።

ቸርነት ለመርከብ ባልደረቦቹ የሚሆን ነገር ልግዛ ብሎ ወደ ገበያ ወጣ። እሷ ቡኮው ኩፍ እስኪል በርጩማዋን ወደ ግንቡ አስጠጋችና ጀርባዋን ሰጠችው። ፀሐዩ ሞቀ። ሌሊቱን በወሬ ነው ያሳለፉት። ዓይኗ ከደን አለ።

ግቢው ውስጥ ውሃ ይፈስሳል። ለነገሩ ግቢው ግቢ አይደለም፤ የሰፈሩ ቆርቆሮዎች ረዣዥም ዛፎች ሆነዋል፣ ጉም ለብሰው እስከ ሰማይ ይወጣሉ። ሸዋርካብሽ ግራ አልገባትም። በነጭ ሳህን ቦምቦሊኖ ደርድራ ባለ ስለቷን ትጠብቃለች። ከጉሙ ውስጥ አንዲት ቀይ ሴት መጣች፣ ፀጉሯ እስከ ክንዷ የወረደ፣ ልጅ ያዘለች። ቀስ ብላ መጥታ ግንቡ ሥር ጀሪካኑ አጠገብ ተቀመጠች። እጇን ዘረጋች። መዳፏ ላይ የሸዋርካብሽን መዳፍ የሚመስል መስመር አለ፤ ያው የድካም መስመር ነው። "እንኳን መጣሽልኝ፣ ብይ፣ አፈር ስሆን!" አለቻት፤ ከሁሉ የቀላውን መርጣ ሰጠቻት። ሴትዮዋ ቦምቦሊኖውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። አሸተተችው። ብዙ ጊዜ አሸተተችው። ከዚያ ሳትቆጣ፣ እንግዳ ያልለመደውን ምግብ በጨዋ ደንብ እንደሚመልስ፣ መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረችው። ልጇን አቅፋ ወደ ጉሙ ሄደች።

ሸዋርካብሽ ብንን አለች። ጀሪካኑ ሙሉ ለሙሉ ሟሙቶ እንደ ማር ያበራል።

"አሽትታ መለሰችልኝ" አለች ለራሷ፣ ድምፅ አውጥታ።

ስለት ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ ለእሷ ማስረዳት አያስፈልግም። እመቤታችን አልተቀበለችኝም ማለት ነው። ከልቧ ፈራች። ወንድሟ ዛሬ ተመልሶ ባሕር ይገባል። ቡኮው ኩፍ ብሏል፣ ልጆቹ ከሥራ ሊወጡ ነው፣ እሷ በምን ታበላለች? ክዳኑ ያልተከፈተውን ጀሪካን አንሥታ እየተንገዳገደች ወደ ጎረቤቷ ወደ ኒምኮ ሱቅ ነጎደች።

ኒምኮ ልጅነቷን በስደት ጅግጅጋ ስላሳለፈች አማርኛው ምላሷ ላይ ነው። ጀሪካኑን አይታ ሳቀች።

"ምነው፣ አልፈላ አለ?"

"ውሰጂልኝና በዱቄት ለውጪልኝ።"

ሸዋርካብሽ ሁሉንም ነገረቻት፤ ሕልሙን ብቻ አስቀረች። ኒምኮ ሻሿን እያስተካከለች አዳመጠች።

"ወላሂ አሳዘነችኝ። ግን ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አትሁኚ። ይሄ ዘይት ሳሙናው ውስጥ አለ፣ ብስኩቱ ውስጥ አለ። አንቺ አንድ ጀሪካን ብትመልሺ ጫካው ይበቅላል?"

"አይበቅልም።"

"እኔም ለሌላ ሰው ነው የምሸጠው።"

"ሽጪው። ስለቴ ውስጥ ግን አይገባም።"

ኒምኮ ትንሽ አየቻትና ጀሪካኑን ተቀበለች። "የሰሊጥ አለኝ። ጥሩ ነው፤ ግን ጠርሙሷ ትንሽ ናት፤ ለአንቺ ድስት አፍ ማበሻም አትሆን።"

"ዛሬስ በውሃ ነው የምሠራው" አለች ሸዋርካብሽ፤ ጠዋት በወንድሟ ላይ ያፌዘችበት ነገር ከአፏ ሲወጣ እሷም ገረማት።

ትልቁን የጾም ድስት ጣደች። ከሥር ውሃ፣ በላዩ ወንፊት፣ በወንፊቱ ላይ የተድቦለቦለ ቡኮ፣ ከዚያ ክዳን፤ በክዳኑ ዙሪያ እርጥብ ጨርቅ። የእንፋሎት ዳቦ እናቷ በፍልሰታ ዘይት ሳትቀምስ ስትጾም የምትሠራው ነበር። ክዳኑን በከፈተች ቁጥር ግቢው በጉም ይሞላል፤ የልብስ ማስጫው ገመድ ይጠፋል፣ ግንቡም ይጠፋል። በጉሙ ውስጥ ወደ ግንቡ ጥግ ማየት ፈራች፤ ግን አየች። ማንም የለም።

ልጆቹ ስሚንቶ የለበሰ ጫማቸውን እያራገፉ ገቡ። ፊት ፊት የሚሄደው ገነነ ነው፤ በመላው ሠፈር ቦምቦሊኖዋን እንደ እሱ የሚወድ የለም። ሳህኑን አይቶ ፊቱ ወደቀ።

"እትዬ ሸዋ! ይሄ ነጭ ነገር ምንድን ነው? ታመሽ ነው?"

"ደህና ነኝ። ብላ።"

"ዘይቱን ረስተሽው ነው እንጂ..."

"አልረሳሁትም። በፍልሰታ አንዳንዴ ያለ ዘይት ቢጾም ምን ትሆናለህ? ትከሻህ ይቀንሳል?" ሌሎቹ ሳቁበት። ገነነም እያጉረመረመ ተቀመጠ።

ቸርነት ከገበያ ሲመለስ ግቢው ገና በእንፋሎት ጭጋግ ነበር። ጀሪካኑ ከነበረበት ቦታ ላይ ዓይኑ አረፈ፣ ከዚያ እህቱ ላይ። ሸዋርካብሽ የመጀመሪያውን ዳቦ፣ ለማንም ሳትሰጥ ያቆየችውን፣ በመዳፏ አድርጋ ዘረጋችለት።

ቸርነት ተቀበለና ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

አሸተተው።

ሸዋርካብሽ እጁን አየች፤ ሊመልሰው ይሆን? ሕልሟን አልነገረችውም፤ ለማንም አልነገረችም። የገነነ ማኘክ እንኳ የተቋረጠ መሰላት። ቸርነት ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ጊዜ ደግሞ አሸተተው።

"የእማዬ ዳቦ" አለና ገመጠው።

እሷ ፊቷን ወደ ድስቱ አዞረች። እንፋሎት ነው ብላ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ማን ይከራከራታል።

"ስለትሽ ሠመረ እትዬ" አለ ገነነ ሦስተኛውን እያነሣ፤ ጉርምርምታው ሆዱ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። "ግን ነገስ? ነገ እንደ ወትሮው ልንገዛሽ ስንመጣ ቦምቦሊኖ አለ አይደል?"

ሸዋርካብሽ ስለቷን ጨርሳለች፤ ነገ ሥራ ነው፤ ቦምቦሊኖ ደግሞ ስሟ ነው። ግንቡን አየች። ከዚያ ከሱቋ በር ላይ ሆና የምታያትን ኒምኮን ተጣራች።

"ኒምኮ! ያቺን የሰሊጥ ጠርሙስ ለሰው እንዳትሸጫት።" ወደ ገነነም ዞረች። "ነገ ትንንሽ ቦምቦሊኖ ነው። ያልበቃው እንፋሎቱን ይበላል።"